ጠርዙ የተቦጫጨቀ ቀዳዳ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ቅዳሜና እሁድ መብራት ጠፍቶ የማርቢያ ክፍሉ ማራገቢያ ቆሞ ከርሟል። ጠዋት በሩን ስከፍት ፊቴን የመታኝ ሙቀት የዳቦ መጋገሪያ ነው የሚመስለው። ከመቶ ሃያ የጽድ ችግኝ በቅጡ የቆመው ሠላሳ አይሞላም። ችግኙ ከደረቀ በላዩ የማረባው ተባይ፣ ክሽክሹ፣ ይሞታል። ክሽክሹ ከሞተ ተርቦቼ እንቁላል የሚጥሉበት የላቸውም። የአንዲት ተርብ ዕድሜ ደግሞ ሳምንት ቢሆን ነው።

ከሰዓት በኋላ ከሸለቆው ደን ክሽክሽ የወረረው ቅርንጫፍ አስቆርጬ አስገባሁ። ደንቡ ከደን የመጣ ቅርንጫፍ ሁሉ ሦስት ሳምንት ማቆያ ክፍል ይቀመጥ ይላል፤ ተደብቆበት የመጣ ነገር ካለ እዚያው እንዲወጣ። ሦስት ሳምንት ከጠበቅኩ የሚጠብቀኝ ባዶ ሳጥን ነው። እያንዳንዱን ቅርንጫፍ በእጄ እያገላበጥኩ አይቼዋለሁ።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ይህን ደብተር የገዛሁት እንቅልፍ አጥቼ የሄድኩባት ሐኪም "ጭንቅላትሽ ውስጥ ሲዞር ከሚያድር ወረቀት ላይ አውጪው" ስላለችኝ ነው። ሁለት ገጽ ጻፍኩ፣ ሁለቱም ስለ ሥራ። ሌላ ምን አለኝ።

እንግዲያው ሥራውንም በደንብ ልጻፈው። ክሽክሹ የዚህ አገር አይደለም። ከስምንት ዓመት በፊት ከውጭ በመጣ የጌጥ ችግኝ ላይ ተለጥፎ ሳይገባ አይቀርም። ከሰሊጥ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ቅርንጫፉ ላይ ተደርድሮ ጭማቂውን ይመጥጣል፤ ዛፉም ከግንዱ አጠገብ ጀምሮ ወደ ጫፉ እየደረቀ ይሄዳል። በትውልድ አገሩ የሚበሉት ስላሉ ማንም ጉዳዬ አይለውም። እዚህ ግን ጠላቶቹን ጥሎ ብቻውን መጣ፤ ያገኘውም አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ የተተከለበት ሰፊ ደን ነው። የእኔ ሥራ ከጠላቶቹ አንዷን ተከትላው እንድትመጣ ማድረግ ነው።

ተርቧ ከጉንዳን ታንሳለች። ሰው አትነድፍም። ክሽክሹ ሆድ ውስጥ አንድ እንቁላል ታስገባለች። ልጇ ከውስጥ እየበላች ታድጋለች። ክሽክሹ ያብጥና ደርቆ ወርቃማ ቅርፊት ይሆናል። ከዚያ ልጅቷ ቅርፊቱ ላይ ክብ በር ቆርጣ ትወጣለች። በወረቀት መብሻ የተበሳ ነው የሚመስለው፤ ክዳኑ እንኳ ባንድ ጎኑ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አራት ዓመት ሙሉ ሳየው አልሰለቸኝም።

ነሐሴ ላይ ስድስት መቶ ተርብ ሸለቆው ውስጥ ለቀን ነበር። ይዞልናል። የቀረው ኮረብታው ነው።

ኮረብታው የአባዬ ነው። በወረቀት ሳይሆን በእጁ። የደን ባለሙያ ሳለ፣ እኔ ገና ሳልወለድ፣ ያንን ሁሉ ጽድ ያስተከለው እሱ ነው፤ አርባ አንድ ዓመት ሆነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከእኔ ጋር ይኖራል። ጉልበቱ አልታዘዝ ስላለው ደኑን በዓይኑ ካየ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከሥራ ስገባ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ የምትጠብቀኝ አንድ ጥያቄ አለች፦ "ተቀጣሪዎችሽ እንዴት ዋሉ? ፈቃድ የጠየቀ የለም?"

ጥቅምት 9፣ እሁድ

ቁርስ ላይ አባዬ "ላይኛው እንዴት ነው?" አለኝ።

"ደህና ነው። ትንሽ ትንሽ ነክቶታል እንጂ።"

"ትንሽ ትንሽ ስንት ነው?"

"ትንሽ ነዋ፣ አባዬ። እንቁላልህ ቀዘቀዘ።"

ሐሙስ ዕለት ኮረብታው ላይ ነበርኩ። ከአምስት ዛፍ ሁለቱ እስከ ወገባቸው ደርቀዋል። ከታች ስቆም በቅርንጫፎቹ መሐል ሰማይ ይታየኛል፤ ድሮ አይታይም ነበር። ግን ደረጃ እንኳ በወጉ መውጣት ላልቻለ ሰው፣ ሄዶ ለማያድነው ነገር፣ ይህን መንገር ምን ይፈይድለታል? እህቴም ስልክ ላይ "ዝም በይው፣ ልቡን አታድክሚው" ብላኛለች። ያለችው እሷ ናት።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

የማዕከላችን ኃላፊ ጠራኝ። አብረን ነው የተማርነው፤ ያን ጊዜ የቤት ሥራ ከእኔ ይገለብጥ ነበር። አሁን በሩን አንኳኩቼ ነው የምገባው።

"ኅዳር ስድስት ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ" አለኝ። "እነሱ ባሉበት ኮረብታው ላይ አራት ሺህ ተርብ እንለቃለን።"

"አራት ሺህ አይደርስልኝም።"

"ካልደረሰ መርጨት ነው የሚሉት። ከአየር ላይ። መድኃኒቱ ደግሞ ይሄ ክሽክሽ ነው፣ ይሄ ተርብ ነው ብሎ አይመርጥም። የሸለቆውም ልፋትሽ አብሮ ነው የሚሄደው።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እኔ መርጨቱን ፈልጌ እንዳይመስልሽ" አለኝ።

አልመሰለኝም። እሱም ተይዟል።

ስወጣ የመዝገብ ቤቷ ልጅ ለሹፌሩ "ሴትዮዋ እኮ ከእነዚያ ነፍሳት ሌላ ሰው የላትም" ስትል ሰማኋት። ሲያዩኝ ሁለቱም ስለ ጎማ ማውራት ጀመሩ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

የክፍሉ ቴክኒሻን ጋሽ ቆጣሪ ይባላሉ። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው አላውቅም፤ ግን የማይቆጥሩት ነገር የለም፣ ከቢሮ እስከ ካፌ ያለውን ደረጃ ሳይቀር። ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ሠርተዋል። ዛሬ ከማርቢያ ሳጥኖቹ አምስተኛው ላይ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ።

"ይሄ ቀዳዳ አላማረኝም" አሉኝ።

"ምኑ?"

"ጠርዙ። የኛዎቹ ቆርጠው ነው የሚወጡት፣ ይሄኛው ግን ተቦጫጭቋል። በጥርስ የተገነጠለ ነው የሚመስለው። ጠበብም ይላል።"

በማይክሮስኮፕ አየሁት። "እርጥበቱ ነው፣ ጋሼ። ቅርፊቱ ሲርስ እንዲህ ይቀደዳል።"

"ሊሆን ይችላል።"

"ስንት ናቸው?"

"አሥራ አንድ። ከሁለት መቶ አርባው።"

አሥራ አንድ ምንም ማለት አይደለም። እሳቸው በራሳቸው ደብተር ጻፉት። መዝገቡ ላይ አላስገባሁትም፤ መዝገቡ ለእርግጠኛ ነገር ነው።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ሳጥን አምስት ውስጥ አንዲት ጥቁር፣ ጎባጣ። የኛዎቹ ቡናማ ናቸው፣ ቀጠን ያሉ። ማጉያ ይዤ ስመለስ አጣኋት። ዓይኔ ደክሞታል። መነጽር ልለውጥ።

ጥቅምት 23፣ እሁድ

አባዬ ሬዲዮ ከፍቶ ተኝቷል። እኔ ላጥብ ብዬ ልብሱን ዘፍዝፌ ተቀምጫለሁ።

ለሥልጠና ለሚመጡት ሁሉ የምነግራቸው ነገር አለ። ጠላትም ጠላት አለው። የክሽክሹን ሆድ የሚበላ ተርብ አለ፤ የዚያን ተርብ ልጅ እዚያው ቅርፊት ውስጥ እንዳለች የሚበላ ሌላ ተርብ ደግሞ አለ። እኛ ተርቧን ስናመጣት እነዚያን ጥለን ነው ያመጣናት፤ ክሽክሹ የራሱን ጥሎ እንደመጣው። ጉልበቷም ከዚያ ነው። የዚህ አገር የተርብ ጠላቶች እሷን ከለመዷት ግን ጉልበቷ ይሰበራል። ክሽክሹ ተመልሶ ይሰፋል።

ይህን በሰሌዳ ላይ መሣል አንድ ነገር ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ገብቷል ማለት ሌላ ነገር ነው። በአሥራ አንድ ቀዳዳና ደክሞት በነበረ ዓይን እንዲህ አይባልም።

ሳጥን አምስትን ብቻ አውጥቼ ማቃጠል እችል ነበር። ግን ሳጥን አምስት ስምንት መቶ ተርብ ነው። ስምንት መቶ ከአራት ሺህ ሲቀነስ መርጨት ነው።

ልብሱ ውኃ ውስጥ ቀረ። ነገ።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ሦስት ሳጥን። አምስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ።

ጋሽ ቆጣሪ ደብተራቸውን ከፍተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። "ሠላሳ ስምንት ደርሷል" አሉ። "ያ ቅርንጫፍ በማቆያ አላለፈም አይደል?"

"አይቼዋለሁ ብያለሁ እኮ።"

"እሱማ አይተሽዋል። ውስጥ ያለ ነገር ግን አይታይም፤ ራስሽ ነሽ ያስተማርሽኝ። አንድ ሁለት ሳምንት ብናቆመው ምን ይመስልሻል?"

"ጋሼ፣ የእርስዎ ሥራ መቁጠር ነው።"

ደብተራቸውን ዘጉ። "እሺ" አሉ። ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። ሻይ ሰዓት ላይ እንደወትሮው ለእኔም ቀድተው አስቀምጠውልኝ ነበር፤ ከዚያ ግን ሌላ ጠረጴዛ ሄደው ተቀመጡ።

እንዲያ ማለት አልነበረብኝም። ድካም ነው። ሰኞ ይቅርታ እላቸዋለሁ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

3,400። ይቅርታውን አላልኩም። ጊዜ የለም።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

4,012። ሁሉም በቱቦ ታሽጓል። ኃላፊው መጥቶ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ።

ምሳ አልበላሁም ነበር።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ሆነ። አጭር አድርጌ ልጻፈው።

አምስት መኪና መጣ። ኃላፊው ንግግር አደረገ። የእንግዶቹ መሪ ረጋ ያለች ሴት ናት፤ ጥያቄዋ ሁሉ የገባት ሰው ጥያቄ ነው። የመጀመሪያውን ቱቦ እሷ እንድትከፍት ሰጠናት። ተርቦቹ እንደ ጭስ ወጡ። ሰው አጨበጨበ። አንዷ ግን አልበረረችም፤ የሴትዮዋ መዳፍ ላይ ቀረች። ጥቁር ናት፣ ጎባጣ።

"ይቺስ? ከሌሎቹ ትለያለች" አለችኝ።

"ወንዱ ነው" አልኳት።

ጋሽ ቆጣሪ አጠገቤ ነበሩ። አዩኝ። ከዚያ የሚቀጥለውን ሳጥን አንሥተው ሄዱ።

ኅዳር 7፣ እሁድ

አባዬ በሬዲዮ ሰምቷል። ከጠዋት ጀምሮ ስልክ ላይ ነው፤ አብረውት የሠሩትን ሁሉ እያስታወሰ ይደውላል። በሕይወት የሌሉ ሰዎች ቁጥር ላይ እንኳ ደወለና ልጆቻቸውን አገኘ። "አዎ፣ የኔዋ ናት" ይላል። "የመጨረሻዋ። አዎ፣ ኮረብታው ላይ። ጽዱን ነዋ የምታድነው።"

ምሳ ሰዓት ላይ "ለምን አትበዪም?" አለኝ። ቁርሱ ከብዶኛል አልኩት። ቁርስም አልበላሁም ነበር።

ኅዳር 14፣ እሁድ

በሳምንቱ ሁለት ጊዜ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። ገና ነው፤ የሚታይ ነገር የለም፤ ተርቦቹ ገና እንቁላል እየጣሉ ነው። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ እንደነገርኩት አላውቅም።

የሚታየውስ? የሚታየው ክሽክሹ ነው። በደረቁ አየር ተባዝቷል። የሚያንጠባጥበው ማር መሰል ነገር ቅጠሉ ላይ ይረጋል፤ በላዩ ጥቁር ሻጋታ ይበቅላል። ጫማዬ ከመሬቱ እየተጣበቀ ነው የወጣሁት።

ማርቢያ ክፍሉ ውስጥ የቀሩትን ቅርፊቶች ለብቻዬ ቆጠርኩ፤ ጋሽ ቆጣሪ ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ ጠብቄ፣ በራሴ ክፍል ውስጥ፣ እንደ ሌባ። ከመቶ ሠላሳ ሦስቱ የተቦጫጨቁ ናቸው። እርጥበቱን ለክቼዋለሁ። ትክክል ነው። ከመጀመሪያውም ትክክል ነበር።

አባዬ "አንድ ቀን ውሰጂኝና ልየው" ይላል።

"መንገዱ ተበላሽቷል።"

"ስለ አንቺ ሲያወሩ በሬዲዮ አስፋልት ተነጠፈ አሉ እኮ።"

"እስከ ደኑ በር ነው። ከዚያ በላይ ዳገት ነው።"

ዝም አለ። አባዬ ሲያምን አንድ ዓይነት ዝምታ አለው፣ ሳያምን ሌላ። የዛሬው የትኛው እንደሆነ አውቄዋለሁ።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

አባዬ ቤት የለም። ጎረቤታችን ደውላ "ከዘራውን ይዞ፣ ጫማውን አጥልቆ ወጣ፤ ወዴት ነው ስለው ሥራ ገባሁ አለኝ" አለችኝ። እየሄድኩ ነው።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ዛሬ ከሥራ ቀርቻለሁ። የትናንቱን እንደሆነው ልጻፍ።

በሚኒባስ ነው የሄደው። ሁለት ቀይሮ። የደኑ በር ላይ ያለው ጥበቃ ድሮ የእሱ ሠራተኛ ስለነበር ሻይ አጠጥቶ ችግኝ በምትጭነው መኪና ላይ አውጥቶታል። ደውሎ የት እንዳለ የነገረኝም እሱ ነው፤ "እማማ አይቆጡ፣ አለቃዬ ናቸው፣ እንቢ ማለት አልቻልኩም" ይለኛል። እድሜው ከኔ ይበልጣል፣ እማማ ይለኛል። ጨንቆት ነው።

ያገኘሁት በተቆረጠ ዛፍ ጉቶ ላይ ተቀምጦ ነው። ከዘራው ጉልበቱ ላይ ተጋድሟል። እጁን ወደ ፊቱ አቅርቦ ያየዋል። ግንዱን ዳሶ ኖሮ መዳፉ ጥላሸት መስሏል፤ ጣቶቹ ይጣበቃሉ። በዙሪያው ያሉት ዛፎች የዛገ ብረት ነው የሚመስሉት። ነፋስ ሲነካቸው ደረቁ ቅጠል ጃኬቱ ላይ ይራገፋል፤ አላራገፈውም።

"ትንሽ ትንሽ ያልሽኝ ይሄንን ነው?" አለኝ።

አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ልዋሸው አስቤ ነበር፤ ከበሩ እስከዚያ ስወጣ የምለውን አዘጋጅቻለሁ። አፌ ግን ሌላ ነገር አወጣ። ቅርንጫፉን ነገርኩት። ማቆያ ክፍሉን። አሥራ አንዱን፣ ሠላሳ ስምንቱን። ለጋሽ ቆጣሪ ያልኳቸውን። "ወንዱ ነው" ያልኩትን። ከዚያ ሁሉ ያፈርኩት የመጨረሻውን ስናገር ነው።

መዳፉን በሱሪው ጠረገ።

"ይሄን ስናስተክል" አለ በኋላ፣ "አንድ የአፈር ባለሙያ ነበር። ቀጠን ያለ፣ ሲናገር የሚንተባተብ። ሁሉንም አንድ ዓይነት አትትከሉት፣ አንድ ነገር የገባበት ቀን ሁሉም ነው የሚሄደው ብሎ ጽፎ ሰጠኝ። ሁለት ገጽ ነበር።"

"ምን አልከው?"

"ምንም። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ዕቅዱ ዘንድሮ ይህን ያህል ሄክታር ይላል፤ ጽድ ደግሞ ቶሎ ያድጋል። ሰውየው እስኪዛወር ድረስ ኮሪደር ላይ ሳየው መንገድ እቀይር ነበር።"

"ለማንም አልነገርክም?"

"ለእናትሽ። ተናገር አለችኝ።"

"ተናገርክ?"

"ይኸው። ለአንቺ።"

አርባ አንድ ዓመት። ልጅ ሆኜ እዚህ ሲያመጣኝ ዛፎቹን እየነካ በኩራት ሲያወራ የማስታውሰው ድምፅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተቀየረብኝ። ልቆጣው ፈልጌ ነበር። በምን አፌ።

"ሰኞ ትነግሪያቸዋለሽ?" አለኝ።

"እነግራቸዋለሁ።"

"እንግዲያ አንሺኝ። ጉልበቴ ተቆልፏል።"

እኔና ጥበቃው በሁለት ጎን ይዘን አነሣነው።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

መጀመሪያ ጋሽ ቆጣሪ ጋ ሄድኩ። ይቅርታ አልኳቸው። ብዙ የምለው አዘጋጅቼ ነበር፣ አላስጨረሱኝም።

"እኔም መናገር ነበረብኝ" አሉ። "የለቀቅን ዕለት እዚያ ቆሜ ደብተሬ ኪሴ ውስጥ ነበር። አንቺ ተቆጥተሽኛል ብዬ አኮረፍኩ። በዚህ ዕድሜዬ።" ከዚያ ደብተሩን አወጡልኝ። "እነዚህ የተርብ ጠላቶች ድሮም እዚህ ነበሩ። ከሸለቆው ነው የመጡት። እኛ ያደረግነው አርብተን፣ በቱቦ አሽገን፣ ኮረብታ ላይ ተሸክመን ማውጣት ነው።"

ኃላፊው የጻፍኩትን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበበው። ፊቱ ነጣ።

"አንድ ወር ሙሉ ዝም ብለሽ?"

"አዎ።"

"እስከ ዓመቱ መጨረሻ ብናቆየው ምናለበት? ሪፖርቱ ይሂድና በኋላ ቀስ ብለን..."

"ግልባጩን ለዋናው መሥሪያ ቤት ልኬዋለሁ። ጠዋት።"

ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። "ትምህርት ቤት እያለን መልሱን ስሰርቅሽ አንድም ቀን አልተናገርሽብኝም" አለ። "ምነው ዛሬ?" ወጣሁ።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

ከክፍል ኃላፊነቴ ተነሥቻለሁ። በቦታዬ ጋሽ ቆጣሪ። እንዳይቀበሉ ፈርቼ ነበር፤ ተቀበሉ። የመጀመሪያ ትእዛዛቸው ሳጥኖቹን ሁሉ ማጥፋት ነው። በማድረቂያ ምድጃው፣ በስድሳ ዲግሪ። እኔ ላድርገው አልኳቸው። የአራት ዓመት ሥራ ነው። አንድ ከሰዓት ወሰደ።

ከማጥፋታችን በፊት ያልተከፈቱ ቅርፊቶችን መረጥን። ሦስት መቶ። እያንዳንዱ ለብቻው፣ በመስታወት ቱቦ፣ በጥጥ ተደፍኖ። ጥቁር ከወጣ ቱቦው ወደ ምድጃ። ቡናማ ከወጣች ትቆያለች።

በመዝገብ ቤቱ በኩል ሳልፍ ንግግራቸው ይቋረጣል። ይቋረጥ።

ኅዳር 30፣ ማክሰኞ

ከሦስት መቶው፦ ጥቁር መቶ ሃያ ዘጠኝ። ሞቶ የቀረ ሃምሳ አራት። ቡናማ መቶ አሥራ ሰባት፣ ከነሱ ሴቶቹ ስድሳ ሁለት። አሁን ያለን ይህ ብቻ ነው። ጋሽ ቆጣሪ ሁለት ጊዜ አስቆጠሩኝ። መዝገቡ ላይ የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ፤ የጥቁሮቹን ቁጥር ከላይ።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

ዋናው መሥሪያ ቤት ያችኑ ሴትዮ ላከ። እኔንም አብረሽ ውጪ ተባልኩ። መዳፏ ላይ የቀረችውን አልረሳችም።

"ወንዱ ነው ስትዪኝ እንዳልሆነ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ራሷን ነቀነቀችና ሥራዋን ቀጠለች። ያ ከተግሳጽ በላይ ነው የከበደኝ።

ሸለቆው ውስጥ ከመቶ ቅርፊት የተቦጫጨቀው ዘጠኝ ነው። ተርቧ አሁንም ታሸንፋለች፤ ዛፎቹ ከግንዱ አጠገብ አዲስ ቅጠል አውጥተዋል። ኮረብታው ላይ አርባ አንድ። እዚያ ክሽክሹ የሚበላውን ተርብ የሚበላለት አግኝቷል። እኛ ነን ያገኘንለት።

ውሳኔው ማምሻውን መጣ። መርጨት የለም፤ የሸለቆውን ላለማጣት። ኮረብታው ላይ የደረቁት ይቆረጣሉ፤ በቦታቸው የተለያየ ዓይነት ዛፍ ይገባል። የሚቆረጡት አስቀድሞ በቀለም ምልክት ይደረግባቸዋል። ንጹሕ ተርብ የሚለቀቀው ከዓመት በኋላ ነው፤ ያውም ከስድሳ ሁለቱ ልጆች ከተገኘ።

ለአባዬ ስነግረው ወደ መስኮቱ ዞረ። ቆየና "ምልክት የሚያደርገው ማነው?" አለኝ።

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ

ጥበቃው ወንበር ይዞለት መጣ። አባዬ አልተቀመጠም። የቀለሙን ባልዲ እኔ ያዝኩ፣ ብሩሹን እሱ። በየዛፉ ሥር ቆሞ ቀና ብሎ ያያል፣ በእጁ ግንዱን ይመታል፣ ከዚያ ደረቱ ልክ ላይ ቀዩን ይቀባል። የመጀመሪያዋን ሲቀባ መስመሩ ጠመመ። ሁለተኛዋ ቀና። ከአሥረኛዋ በኋላ አያወራም፣ አያርፍም። ጋሽ ቆጣሪ ከኋላ ይቆጥራሉ።

ሰባ ሦስተኛዋ ላይ ቆመ። ግማሿ ደርቋል፣ ግማሿ ግን አረንጓዴ ነው። ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ ስቤ አየሁት። ክሽክሽ አለ። ወርቃማ ቅርፊትም አለ፣ ብዙ። የተከፈቱትን በማጉያ ተራ በተራ አየኋቸው። አንዱ በሩ ክብ ነው። ቀጣዩ የተቦጫጨቀ። ቀጣዩ ክብ። ቀጣዩ ክብ። ቀጣዩ የተቦጫጨቀ።

አባዬ ብሩሹን እንዳነሣ ነው። ቀለሙ ጫማው ላይ ይንጠባጠባል።

"ይቺስ?" አለኝ። "ትድናለች?"

ፊቱን አየሁት። እንዲያ ሲያየኝ ምን ብለው ደስ እንደሚለው አውቃለሁ።

"አላውቅም፣ አባዬ" አልኩት።

ዛፏን አየት አደረጋት፤ ብሩሹን ባልዲው ጠርዝ ላይ ጠረገው።

"እንግዲያ ትቆይ" አለና ወደሚቀጥለው ሄደ።